ሸክላው የማይይዘው ብር

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡30

ዛሬም ማሰሮ ቁ. 6። ውሃ አፈስሳለሁ፣ ከሥር የሚንጠባጠበውን እቀበላለሁ፣ እለካለሁ። ብሩ እየወጣ ነው። ደብተሬ፣ ሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው። ጀርም ይገድላል ብለን ሸክላው ላይ የቀባነው፣ በዓይን የማይታየው የብር ቅንጣት፣ ከውሃው ጋር አብሮ ይወርዳል። ላብራቶሪ ውስጥ በንጹሕ ውሃ ስሞክረው ንቅንቅ አላለም ነበር። ምን አገኘው?

ከሰዓት። ቀጨኔ ሄድኩ። ማጣሪያ ማሰሮዎቹን የሚሠሩልን እትዬ አስካለ ቁ. 6ን ሁለት ወር ቤታቸው ሲጠጡበት ነበር። እንዴት እንደሚያጥቡት ጠየቅኳቸው። በሳሙና፣ አሉ፣ ኮራ ብለው። በየቅዳሜው፣ አረፋ በአረፋ አድርገው። ማን አዘዛቸው? እኔ። ለየቤቱ ባደልኩት ወረቀት ላይ «በደንብ ይታጠብ» ብያለሁ። እዚህ ሰፈር በደንብ ማለት በሳሙና ማለት ነው። እዚሁ አድጌ ይኼ ጠፋኝ። ደንቆሮ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ገባኝ! ሳሙናው ቅንጣቱን ይሸፍነዋል፣ ሸክላው መያዣ ያጣል፣ ውሃው ይዞት ይሄዳል። በቃ፣ በሳሙና አይታጠብ። ወረቀቱን አርሜ አተምኩ። አማካሪዬ ዶክተሩ እንኳ በስልክ ጎበዝ አሉኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ምሳ በላሁ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

አለቀልኝ። ሳሙና ያልነካው አዲስ ማሰሮ ወሰድኩ፤ ውሃውን ግን ከሰፈሩ ምንጭ ቀዳሁ። የቧንቧው ፈረቃ ሲያልፋቸው ሰዎቹ የሚቀዱት ከዚያ ነው። ብሩ ወጣ። ሽቅብ ሄጄ አየሁ፤ ከምንጩ በላይ ሰፈሩ በሙሉ ልብስ ያጥባል። እጣቢው አፈር ውስጥ ይሰርጋል፣ አፈሩም አላስቀረውም። የት ሄደው ይጠቡ? ይኼን በየትኛው ወረቀት ላርመው?

ዶክተሩ በሪፖርቱ የንጹሑን ውሃ ውጤት ብቻ አቅርብ፣ የምንጩ ለሌላ ጥናት ይቆይ አሉ። እትዬ አስካለ ደግሞ ያዘዝናቸውን አርባ ማሰሮ ጨርሰዋል። ገበያ መውጣት ትተዋል። ሰው ስማቸውን ጠርቶ፣ በራቸውን አንኳኩቶ ሥራ ሲያዛቸው የመጀመሪያቸው ነው። እውነቱን ከጻፍኩ ትእዛዙ ይሰረዛል። ካልጻፍኩ ሰው ጀርም ያለበትን ውሃ ተጣርቷል ብሎ ይጠጣል። ደብተሬ፣ ሁለቱንም መሸከም አቃተኝ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፣ ማታ 2 ሰዓት

ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። ጭቃ እያቦኩ ነበር፤ አላቋረጡም። ሳሙናውን፣ ምንጩን፣ አርባውም ማሰሮ እንደማይወሰድ፣ ሁሉንም። ከዚያ ጥፋቱ የሸክላው እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደለም፣ የውሃው ነው አልኩ።

«እንግዲያው እንደሱ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። «በእኛ እጅ ተበላሸ እንዳይባል።»

እያለቀስኩ ወረድኩ። ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ምንጩ ያው ምንጭ፣ ማሰሮዎቹ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ይቀራሉ። ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው ቢኖር ሠንጠረዡን አይቶ ይዘጋዋል።

ጻፍኩት ግን። የምንጩን ውጤት ጭምር። ዶክተሩ ሁለቴ ደወሉ፣ አላነሳሁም። የመጀመሪያው ዓ.ነገር፦ ሸክላው ጥፋት የለበትም። ሪፖርት እንደዚህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ይሰርዙታል። ይሰርዙት። አሁኑኑ ልልከው ነው፣ መብራት ሳይጠ—