ከሩቁ ጫፍ ያመጣኋቸው ዛጎሎች

ሰኞ፣ ጥር 6
ዛሬም ቀዘፍኩ። እስከ ደሴታችን ሩቅ ጫፍ አንድ ሰዓት፣ ስመለስ ንፋሱ ፊት ለፊት ስለሆነ ሁለት። ትከሻዬ የኔ አይመስለኝም። ባሕሩ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዳርቻው ላይ ባለ ምሰሶ የክልከላ ምልክት የሆነው የናመሌ ቅጠል ከታሰረ ወዲህ ማንም አያጠምድም፣ ማንም አይጠልቅም። ከኔ በቀር። ጠባቂ ነኛ! ሌላ ማንን ሊመርጡ ኖሯል? በዚህ ደሴት እንደኔ ትንፋሹን ይዞ የሚቆይ ካለ ይምጣ።
ሕይወት ያላቸውን ትልልቅ ዛጎሎች ቆጠርኩ። አርባ ሦስት። ሰማያዊ ከንፈራቸውን ገልብጠው ተቀምጠዋል። አንዲት ኤሊ የባሕር ሣር እየጋጠች ቀና ብላ አየችኝና... ናቀችኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 8
ዝናብ። ቀዘፍኩ። ጫፉ አጠገብ የጎረቤት መንደር ታንኳ አየሁ። አንድ ዛጎል ቢጠፋ ስሜ ነው የሚጠፋው። የመንደራችን አለቃ ማሪካው ከተማ ለሕክምና ሲሄዱ ምን አሉኝ? "ልጄ፣ እነዚያ እናቶች ናቸው። አይበሉም። ባሕሩን የሚዘሩት እነሱ ናቸው። እነሱ ካሉ የካቲት መጨረሻ ላይ እንከፍታለን።" እኔ እያለሁ ነው የሚጠፉት?

ቅዳሜ፣ ጥር 11
ሐሳብ መጣልኝ። እኔ ወደነሱ ከምቀዝፍ፣ እነሱ ለምን ወደኔ አይመጡም? ቤቴ ደጃፍ፣ ወንዙ ባሕር የሚገባበት፣ ጥልቀት የለውም። ጓደኛዬ ሶፔ ያግዘኛል።
አክስቴ ሌይማራ ሰማች።
"እዚያ የደረደርናቸው እኛ ሴቶች ነን። ለምን እዚያ እንዳደረግናቸው ጠይቀኸናል?"
"ሴቶች ሩቅ ሄዳችሁ ወሬ ማውራት ስለምትወዱ ነዋ፣ አክስቴ!"
"ይሄ አፍህ ቢቀዝፍ ኖሮ እስካሁን ባሕር ማዶ ኑሜያ ደርሰህ ነበር።"
ሶፔ በሳቅ ሞተ። ይሳቅ።

ዓርብ፣ ጥር 17
አለቀ። አርባ ሦስቱም። ትልቁን ለሁለት ተሸክመን ወገቤ ተቆረጠ። አሁን በር ላይ ተጋድሜ እጠብቃለሁ። የመንደሩ ወጣት ሁሉ እየመጣ አየ። አለቃ ሲመለሱ ይገረማሉ።

ዓርብ፣ ጥር 24
ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ። ወንዙ ሻይ መስሏል፣ ግንድ እየጎተተ ነው። ዛጎሎቹ ግጥም ብለው ተዘግተዋል። ብልጦች ናቸው... ዝናቡ ሲያባራ ይከፍታሉ።

ሰኞ፣ ጥር 27
ሽታው ቀሰቀሰኝ።
ከፍተዋል። ጣቴን ከተትኩ፣ አይዘጉም። ሸርጣኖች ይበሏቸዋል። ሠላሳ አንድ ሞተዋል። ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ።
አክስቴ እስከ ጉልበቷ ገባች። "የወንዝ ውሃ አይችሉም" አለች። "ባሕር ነው የሚያውቁት። ከወንዙ ያራቅናቸው ለዚህ ነበር።" ምነው በሰደበችኝ።
ሶፔ በሹክሹክታ፦ "ቅርፊቱን ጥልቁ ውስጥ እንጣልና የጎረቤት መንደር ሰዎች ሰረቁ በል። ታንኳቸውን አይተህ የለ?"
 እምቢ አላልኩም።

ማክሰኞ፣ ጥር 28
የተረፉትን አሥራ ሁለት መለስኩ። ሶፔ አልመጣም። አክስቴ ሳልጠራት ታንኳው ኋላ ተቀመጠች። "ማን ገደላቸው ልትል ነው?" አለችኝ መንገድ ላይ። "እንጃ" አልኩ። "እንግዲያው ቅዘፍ።" እስከ ጫፉ ቀዘፍኩ። እጄ ተላጠ። ስንቱን ልዋሽ? በዚያ ውሸት ሁለት መንደር ቢጣላስ?

ሰኞ፣ የካቲት 4
አለቃ መጡ። እንደ ልማዳችን ለካሳ አሳማዬን ጎትቼ፣ ምንጣፍ ተሸክሜ ወንዶች ወደሚሰበሰቡበት ቤት ሄድኩ። ያለኝ አንድ አሳማ ነው። አለቃ ፊት ተንበርክኬ ምንጣፉን አነጠፍኩ።
"አለቃ፣ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም።"
ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ፦ "ጉረኛው እንዴት አጠረ እባካችሁ!" ማንም አልሳቀም።
አለቃ የአሳማውን ገመድ ከእጄ ወሰዱ። "አሳማውን ተቀብያለሁ። ባሕሩ ግን አይከፈትም። ሌላ ሦስት ዓመት።"
ውጭ የቆሙት ሴቶች ሲተነፍሱ ሰማሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የቆርቆሮ ዓሣ የበላ መንደር ነው... ሌላ ሦስት ዓመት፣ በኔ።
"ጠባቂስ ማን ይሁን?" አለ አንዱ። አለቃ ወደ በሩ፣ ወደ አክስቴ አዩ።
"እሱው ይሁን" አለች። "ምን እንደሚገድላቸው ከሁላችን ይልቅ ቀርቦ ያየው እሱ ነው።"

ሰኞ፣ የካቲት 11
ቀዘፍኩ። ሰላም ያለኝ የለም። አሥራ ሁለቱም አሉ። የአንዷ ከንፈር ነጣ ብሏል። ታማ ይሆን? ወይስ እንዲህ ነው የሚያገግሙት? እኔ ምን አውቃለሁ... አመሻሽ ላይ አክስቴ ጋ ሄጄ ልጠይቅ።