የወገዳ ገበያዋ በቅሎ

ወዳጄ በሽር፣ ይህን ፖስት ካርድ በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ መስመሩ ከተንጋደደ ጥፋቱ የእስክሪብቶው ነው። ዩኒቨርሲቲው ካስቀመጣቸው የድሮ ፎቶዎች መካከል የወገዳን ገበያ አገኘሁ፤ ካርዱን ገልብጠው፣ ፎቶው እሱው ነው። «በቅሎዋ ላይ የተቀመጡት አያቴ ናቸው» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የፎቶዎቹ ኃላፊ ትርሲት «እስቲ ጀርባውን ያንብቡት» አለችኝ። የማታ ትምህርቴን ላሳያት ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፤ «ሸህ ኑርዬ በበቅሏቸው ላይ፤ ልጓም የያዘው ይመር።» በቅሎዋ ለካ ያንተ አያት የሸህ ኑርዬ ናት፤ የኔው አያት ይመር ልጓም ጎታች ናቸው። ስንት ዓመት በዚች በቅሎ ስኮራብህ ኖርኩ። ፊደል ባልቆጥር ኖሮ እንደኮራሁ እመለስ ነበር።

ቦታ እያለቀብኝ ነው፤ ለባለቤትህ ለቀመሪያና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልጓሙን ግን አያቴ እንዴት አጥብቀው እንደያዙት ልብ በል።

ሰዲቅ