አንድ እጅ ስንት ይይዛል?

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ መቀመጥ ግን አቅቶኝ ሰነበትኩ። ይህቺን ገጽ ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ደርሼ ተመልሻለሁ። ከሰላምታ ያለፈ ነገር ጽፌልህ ስለማላውቅ ይሆናል።

ባለፈው ወር ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ትምህርት ቤታችን መጥተው፣ ድርሰታቸውን የፊዚክስ አስተማሪ እንዲያይላቸው ጠየቁ። ርእሰ መምህሩ እኔን ላከኝ። መቼም ታውቀኛለህ፤ ስህተት ፈልጊ ከተባልኩ ሠርግ የተጠራሁ ያህል ነው። ጥይት የመታው ሰውዬ ተሽቀንጥሮ በመስኮት ይወጣል። «እንዲህማ ከሆነ ተኳሹም ወደ ኋላ መሽቀንጠር ነበረበት» ብላቸው ሳቁ። መብረቁና ነጎድጓዱ እኩል ይመጣሉ፤ እሱንም አረምኩ።

ከዚያ አንዲት ሴት ከአራተኛ ፎቅ ትወድቃለች። ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የቆመው ጀግና በአንድ እጁ ቀልቦ ያስቀራታል። እስክሪብቶ አንስቼ አሰላሁት። ክንዱ በግማሽ ሜትር ውስጥ ሊያቆማት፣ ዐሥር ኩንታል የማንጠልጠል ያህል ጉልበት ያስፈልገዋል። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አየና፣ «ሰማንያ ኪሎ? ተዋናይቷ እኮ ሃምሳም አትሞላ!» አለኝ።

ክው አልኩ። ሰማንያ ኪሎ አባባ ነበር።

አባባ ግድግዳ ሲቀባ ከአራተኛ ፎቅ የወደቀ ዕለት፣ ምሳችሁን ይዤ ከታች ቆሜ ነበር። አንተ ከምትቀባበት ከሁለተኛው ፎቅ እጅህን ዘርግተህ ስትይዘው፣ ከዚያም ሲያመልጥህ አየሁ። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ሲኒማ ወስደኸኝ፣ ጀግናው እንዲሁ አድርጎ ሰው ሲያድን አይተን የለም? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ለቀስተኛ በሞላበት ቤት «ይዞት ነበር፤ ለቀቀው» አልኩ። ሰዉ ሁሉ በዚያው ዓይን አየህ። ዓመት ሳይሞላ ጓዝህን ሸክፈህ ሄድክ። እኔ ይኸው ፊዚክስ ተምሬ፣ ስንቱን አስተምሬ፣ ይህቺን አንድ ስሌት ሃያ ስድስት ዓመት ሳልሠራት ቀረሁ። ፈርቼ ይሁን አላውቅም።

ዳይሬክተሩን፣ ታምልጠው አልኩት። «ታዲያ ጀግናው ክፉ ሊሆን ነው? ሕዝቡ ይጠላዋል» አለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብድግ ብዬ ጮኽኩበት። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ትዕይንቱን አልቀየሩትም፤ እኔም ስሜን ከፊልሙ አውጡልኝ ብዬ ወጣሁ።

በቀጥታ እማማ ጋ ሄድኩ። ወረቀቱን ዘርግቼ ሁሉን ነገርኳት። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝና፣ «እኔ ቁጥር አላውቅም። ያን ዕለት ግን የወንድምሽ ቀኝ ትከሻ ወልቆ ሐኪም ቤት ይዤው ሄጃለሁ» አለችኝ። ለምን ደበቅሽኝ ብላት፣ «እሱ አስምሎኝ ነው። ልጅ ናት፣ ያወቀች ቀን ራሷን ትጠላለች አለኝ» አለች።

ወንድም ጋሼ፣ ብርድ ሲመጣ ትከሻህን ያምሃል?

አምላክ እጅህን ይባርክልኝ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

ታናሽ እኅትህ