«የተሸናፊዎች ገጽ» አዘጋጅ የነበሩት የአቶ ሚልክያስ ጅሩ የሕይወት ታሪክና አንድ እርማት

አቶ ሚልክያስ ጅሩ ከአባታቸው ከአቶ ጅሩ ደገፋና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩዬ ሀብታሙ በ1970 ዓ.ም. በአልዱባ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከጎፋ መጥተው በገበያው ጨው የሚነግዱ ነበሩ። አቶ ሚልክያስ በጂንካ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ፤ የቴሌቪዥን ጥገናንም በራሳቸው ጥረት ቻሉ።

በ1994 ዓ.ም. ከወ/ሮ አስካል ሣህሌ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች፣ ጸሎትንና አብነትን፣ ወለዱ። በ1997 ዓ.ም. ከጥገና ሱቃቸው ጎን ጌም ቤት ከፈቱ። ቆይተውም ስለ ቪዲዮ ጌም በኮምፒዩተር የጻፉትን የቀልድ መጽሔት በሽቦ ወደ ሰፈሩ ሻይ ቤቶች ቴሌቪዥን መላክ ጀመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው ሻይ ይዞ ስክሪኑ ላይ በየተራ የሚቀያየሩትን ገጾች ያነብ ነበር። ስሙ «የተሸናፊዎች ገጽ» ነበር። ያሸነፈ ራሱ ያወራል ብለው ስለ አሸናፊ አንድም ቀን አልጻፉም። ከኦሞራቴ ዓሣ ጭኖ የመጣ ሹፌር በመኪና ጌም አጥር ጥሶ መግባቱን ሲጽፉ፣ ሹፌሩ ራሱ ሦስት ጊዜ አስደግሞ አነበበው። የመጨረሻው ገጽ ምንጊዜም «እርማት» ሲሆን ያለፈው ሳምንት ስህተት ይታረምበት ነበር።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ገጽ እንዲህ አለ፦ «ልጃቸውን ከጌም ቤት ሊያስወጡ የገቡ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ እስቲ እኔም ልሞክር ብለው ተቀምጠው በኳስ ጌም በልጃቸው 7 ለ 0 ተሸንፈዋል።» ሰው ሁሉ ማንነታቸውን አወቀ። አቶ ሚልክያስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተጠርተው ማን እንደጻፈው ሲጠየቁ «እኔ ነኝ» አሉ። በእሑድ አምልኮ ስማቸው ተነቦ ለስድስት ወር ከኅብረት ታገዱ። በዚያው ሳምንት ሽቦውን ጠቀለሉ፤ እገዳው ሲነሣም ወደ መጽሔቱ አልተመለሱም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ይህን ታሪክ የጻፈችውን ታናሽ እህታቸውን ሩሃማ ጅሩን ትተውልን አልፈዋል።

እርማት፦ ስለ ሽማግሌው ያን ገጽ የጻፍኩት እኔ ሩሃማ ነኝ። ጋሼ ሚልክያስ ያን ሳምንት ለጥገና ወደ ሃና ከተማ ሄደው፣ መጽሔቱን ለእኔ ትተውልኝ ነበር። ስማቸው ሲነበብ የመዘምራን ልብስ ለብሼ ፊት ተቀምጬ ነበር። አንገቴን ደፋሁ እንጂ አልተነሣሁም፤ መዝሙሩ ሲጀመርም አብሬ ዘመርኩ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜን ባየሁ ቁጥር አፍር ነበር። ባለፈው ጥቅምት አልጋቸው አጠገብ ሆኜ ይቅርታ ስጠይቃቸው ሳቅ ብለው፣ «እርማቱን ስትጽፊ ስምንት ለዜሮ በዪ፤ ልጁ ነግሮኛል» አሉኝ።

ስለዚህ ውጤቱ ስምንት ለዜሮ ነበር። በልጃቸው የተሸነፉት ሽማግሌ ዛሬ በመካከላችን ናቸውና ይቅር ይበሉኝ። ምእመናን ሆይ፣ ያን እሑድ የሰማችሁት ስም የእኔ መሆን ነበረበት። ጌታ የወንድሜን ነፍስ በዕረፍቱ ይቀበል፤ እኔ ያልቆምኩላቸውን እርሱ ይቁምላቸው።