የኢንሱሊን ማሰሮ

ግንቦት 12፣ ሚካኤል

ዛሬ የእትዬ ዘነበች ስኳር ወረደ! ከቀወት ገጠር ሲመጡ መድኃኒት ቤቴ ውስጥ እኔው ለካኋቸው። ስኳሩ አልወርድ ባለ ቁጥር «ምግብ አልተጠነቀቁም» እያልኩ ስቆጣቸው ከርሜያለሁ። ባለፈው ወር ግን ኢንሱሊኑን የት እንደሚያስቀምጡ ጠየቅኋቸው።

«ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ሸጉጬው ነዋ! መድኃኒት ሰው ካየው ይረክሳል» አሉኝ።

በዚህ በሸዋ ሮቢት ሙቀት! መድኃኒቱ በስሎ ነበር። ሰፈራቸው መብራት ስለሌለ ፍሪጅ አይታሰብም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ውሃ በሸክላ ታቀዘቅዝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ከትቼ፣ ዙሪያውን እርጥብ አሸዋ ሞልቼ፣ ከአዲስ ኢንሱሊን ጋር ሰጠኋቸው። «ጥላ ውስጥ ይሁን፤ አሸዋው እንዳይደርቅ ጠዋት ማታ ውሃ ያርከፍክፉበት፤ ክዳን ስላለው ማንም አያየውም» አልኳቸው።

ዛሬ ቁጥሩን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ቁጣ ቆርቆሮውን ቢቆጡት ኖሮ!»

እኔም ሳቅሁ። ለሸክላ ሠሪዋ ሌላ አሥር ማሰሮ አዝዣለሁ፤ ፍሪጅ የሌለው ሁሉ ከኢንሱሊኑ ጋር ይዞ ይሄዳል። አምላኬ ሆይ፣ ደስታዬን ትዕቢት አታድርግብኝ። ስንት ዓመት ሙሉ መድኃኒት ስሰጥ፣ የት እንደሚያድር ግን አንድ ሰው እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር።