ሳያመኝ የዋጥኩት ክኒን

ሰኞ

አይሆንም አልኳት። አሠሪዬ መዳም ሐኪም ዘመዷን እንደገና ወደ ቤት ልትጠራው ነበር። ባለፈው ወር ብርጭቆ ሲወጋኝ እሱ ሳሎን ውስጥ አስቀምጦኝ፣ ሳያደነዝዝ መዳፌን ቀደደው። «እናንተ ሐበሾች ቻይ ናችሁ» ሲል ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ዝምታዬ እስካሁን ያሳፍረኛል። ስባሪውም አልወጣም።

ዛሬ ራሴ ክሊኒክ ሄድኩ፣ እዚሁ የምሠራበት ሰፈር፣ ባሕሪ። ቀጠሮ ረቡዕ ሦስት ሰዓት። ነርሷ ሁለት ፓራሲታሞል ሰጠችኝ። «ከቀጠሮሽ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ዋጪው፤ እስኪያምሽ አትጠብቂ» አለች። እዚህ አገር እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ማክሰኞ

ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ ያገሬ ልጅ ዘይነባ ቤት ነኝ። ነገ አብራኝ ትሄዳለች።

«በረመዳን፣ ሳያምሽ ጾም ልታፈርሺ?»

ከዒድ በኋላ እተካዋለሁ አልኳት።

«አንቺማ ፋርማሲ ተምረሽ ሙፍቲም ሆነሻል!»

ሳቅን። ሙቀቱ አይቻልም። ደሴ አሁን ጉሙ ወርዶ፣ እማ ጋቢዋን ደርባ በር ላይ ትቆማለች። እዚያ ብሆን።

ረቡዕ

ሁለት ሰዓት ላይ ዋጥኩ። ሦስት ሆነ። መብራት ጠፋ። የክሊኒኩ ሐኪም የወንዙ ድልድይ ተዘጋግቶበት ዘገየ። የጠሩኝ ሰባት ተኩል!

«ያላ፣ ቶሎ እንጨርስ፣ ትንሽ ነገር ናት» አለ ሐኪሙ።

የዋጥኩት እያለቀ ነው፣ ሌላ ስጡኝና እስኪሠራ ጠብቁ አልኩ። ዘይነባ ክንዴን ጎተተች፤ «ኧረ ዝም በይ፣ ያባርሩናል!»

«ዶክተር ነሽ እንዴ?» ሳቀብኝ።

«ፋርማሲ ተምሬያለሁ። የሚቀደደውም የኔ እጅ ነው።»

ሌላ ክኒን ሰጥቶኝ ጠበቀኝ። ሠላሳ ደቂቃ! ማደንዘዣውን ወግቶም «ይሰማሻል?» ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ።

ምንም አልተሰማኝም። ልጅ ሆኜ ስከተብ እማ መርፌውን እንድረሳ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን ጆሮዬ ጣቷን ጠበቀ።

ሐሙስ

ስባሪው ወጥቷል። እጄ ደህና ነው። መዳም ደውላ መቼ ነው የምትመጪው አለች። ስፌቱ ሲፈታ አልኳት። ዘጋችው። ትዝጋው።

ወዲያው እማ ደወለች። «ደህና ነሽ ወይ?» ሁለት ዓመት ሙሉ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ስላት ነው የኖርኩት። ዛሬ «አሞኛል፣ እማ» አልኳት።

 ቀስ ብላ፣ «የቱ ጋ ነው፣ የኔ ልጅ?»

እጄን ልላት ነበር። አቃተኝ። አለቀስኩ። እሷም ሳትዘጋ ጠበቀችኝ።