የእማማ ኮናዱ የማለዳ ጨርቅ

ኖቬምበር 27።

ሐሙስ ዕለት በእማዬ ስም የመለስኩልህ እኔ ነኝ።

ወንድሜ ቦአዲ፣ እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ሐምቡርግ ብርዱ ገብቷል አሉ፤ በየክረምቱ የሚነሳብህ ጉልበትህስ እንዴት ይዞሃል? ሚስትህ ጃምፉዋ ደህና ናት? ልጆቹ ደህና ናቸው? አንተስ እህል ትቀምሳለህ? እኛ በሕይወት አለን። ከዚህ በላይ ደህና ነን ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል፤ ላንተ ደግሞ ከእንግዲህ ውሸት አልጽፍም።

ስልክ አታነሳም። አልፈርድብህም። ያን ቅዳሜ ደውለህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኸኝ፤ "ሐሙስ የመለሰችልኝ ማን ናት?" አልክ። "ቦአዲ፣ ስማኝ" ስልህ ዘጋኸው። ይኸው ዘጠኝ ቀን ሆነ። ስለዚህ በወረቀት ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። የጎረቤታችን የዶንኮር ልጅ ረቡዕ ወደ እናንተ አገር ይበራል፤ በእሱ እልክልሃለሁ። ተቆጥተህም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ ከየት እንደጀመረ አንተም ታውቃለህ። ስልኩንና ክቡን መብራት የላክኸው አንተ ነህ። የዛሬ አሥራ አራት ወር የጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር ከኩማሲ አሰልጣኝ አስመጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰበሰበን። ሴትዮዋ ወጣት ናት፤ ግን ታውቅበታለች። "የእናንተን ጨርቅ ሌላ አርባ ሱቅ ይሸጠዋል። እናንተን ግን ሌላ ሱቅ የለውም። ፊታችሁን በቪዲዮ አሳዩ" አለችን። ደንበኛ እንደ ዶሮ ነው፣ እህል በሚበተንለት ሰዓት ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት በገጻችሁ አውጡ፣ አንድም ቀን አታቋርጡ አለች። ጊዜ ባገኛችሁ ቀን ብዙ ቀርጻችሁ ቀንና ሰዓት ሰጥታችሁ አስቀምጡት፣ ስልኩ ራሱ ያወጣዋል፣ እናንተ ብትተኙም ሱቃችሁ አይተኛም አለች። እማዬ ከፊት ተቀምጣ "ይቺ ልጅ ለአንድ ቀን ገበያ ቆማ ታውቃለች?" ብላ አጠገቧ ያሉትን አሳቀቻቸው። በሳምንቱ እሑድ ግን ራሷን አስራ፣ ጉትቻዋን አድርጋ፣ መብራቱ ፊት ተቀመጠች።

ገበያውን ያመጣው ያ ሁሉ ምክር ብቻ አልነበረም። ስሙ ነው። ስም የሌለው ጨርቅ መደርደሪያ ላይ እንደሚያረጅ ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል፤ ሴቶቻችን አፋቸውን ሳይከፍቱ በለበሱት ጨርቅ ነው የሚሰዳደቡት። እማዬ በየማለዳው አንድ ጣቃ አንስታ ስሙን ትናገራለች፤ ማን ለማን እንደምትለብሰው ታስተምራለች። "ይህ 'ጎረቤቴ ሆይ፣ ያየሽው የድስቴን ክዳን ነው' ይባላል። ቅዳሜ ለብሰሽ በደጇ እለፊ። ሰላምታ አታስፈልግሽም፣ ጨርቁ ይሰጥልሻል" ትላለች። ከኦቡዋሲ አንዲት ሴት ለባሏ እህት ብላ ስድስት ያርድ ገዛች፤ የባሏ እህት ደግሞ በማግሥቱ ደውላ መልስ የሚሆን ጨርቅ እንዳለ ጠየቀች። እማዬ ለሁለቱም ሸጠች። በሦስት ወር ውስጥ ከአክራ፣ ከአቢጃን፣ ካላችሁበት ከሐምቡርግ ሳይቀር ይታዘዝ ጀመር።

የሚጻፍላትን ሁሉ አነብላታለሁ፤ የምትመልሰውን እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አንተም በእረፍት ሰዓትህ በየቀኑ ትጽፍላት ነበር። የሌላውን ሰው ሳሰማት እግሯን ታሻለች፤ ያንተን ሳነብ ግን "ቆይ፣ እንደገና በይው" ትለኝ ነበር።

ኦክቶበር 22 እሑድ ለገና ገበያ ብለን ከማክሰኞ ጀምሮ በየቀኑ የሚወጣ ሃያ ስምንት ቪዲዮ ቀረጽን። በስምንተኛው ቀን ከሱቅ ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና መነሳት አቃታት። ልብ ነው አሉን፤ ኩማሲ ሆስፒታል አስተኛናት። ላንተ እንድደውል ስጠይቃት "ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ስነሳ ትነግሪዋለሽ" አለችኝ። ገጹን ላቁመው ብላት ደግሞ ሳቀች። ማለዳ ማለዳ አልጋዋ ላይ ሆና የራሷን ቪዲዮ ታየዋለች። "ሴትዮዋ ትሥራ፣ እኔ ልተኛ" ትል ነበር። ነርሶቹ አልጋዋን ከበው ያዩ ነበር፤ አንዷማ ሁለት ያርድ አዘዘች።

አንተ በየቀኑ አየሃት። ጤነኛ ናት፣ ወዝ አላት፣ ትቀልዳለች። ባላይ ኖሮ እጠይቅ ነበር፣ ብጠይቅ ኖሮ እመጣ ነበር ብለህ እንደምታስብ አውቃለሁ። እውነትህን ነው። እኔም በየቀኑ ስለምታያት ነው መደወሉን ችላ ያልኩት። ገበያውም ነበር፤ እሱንም አልደብቅህም። የገና ትእዛዝ ከመቼውም በላይ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 14፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሞተች። አጠገቧ ነበርኩ። ውኃ ጠየቀችኝ፤ ጎንበስ ብዬ ጠርሙሱን ሳነሳ አለፈች።

ሥርዓታችንን አልነግርህም። የቤተሰቡ አለቃ ዘንድ መጠጥ ተይዞ ተሄዶ፣ ተቀምጠው እስኪሰሙ ድረስ፣ ሞት ሞት አይባልም፤ አይለቀስም፣ አይነገርም። አለቃው አጎታችን ንቲም ደግሞ ሴፍዊ አገር ካካዎ እርሻቸው ላይ ነበሩ፤ መኸር ስለሆነ። እዚያ ስልክ አይሠራም። የአክስታችን ልጅ መጠጡን ይዞ ማክሰኞ ከሰዓት ተነሳ፤ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ደረሰ። እስከዚያ እኔ እናቴን ሬሳ ክፍል አስቀምጬ፣ ሱቅ ከፍቼ፣ ጨርቅ እየለካሁ ነበር። አንዷ ደንበኛ "እማማ ኮናዱ የት ሄደች?" አለችኝ። ኩማሲ ሄዳለች አልኳት።

ረቡዕ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ራሱ አወጣት። እየሳቀች። ሐሙስም አወጣት። ለማቆም አንድ ቦታ መንካት ይበቃኝ ነበር። አልነካሁትም። ለምን ብትለኝ፣ ገጹ በአሥራ አራት ወር አንድም ቀን አልቀረም፤ ቢቀር የቤክዋይ ከተማ በሙሉ እስከ ረፋዱ ደጃችን ላይ ይቆም ነበር። አጎታችን ከመስማታቸው በፊት ገበያው ይሰማ ነበር። እናታችን እንደ ዘመድ አልባ ሰው ወሬዋ ቀድሟት እንዳይሄድ ብዬ ነው። ሥርዓቱን ያከበርኩ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ አንተ ጻፍክ። "እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ልጃገረድ ሆነሻል። ከዚች ሁለት ያርድ አስቀሪልኝ፣ ለገና መጥቼ እለብሳታለሁ" አልክ። ያን ሳነብ የሬሳ ክፍሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር፤ ያስፈረሙኝን ወረቀት በግራ እጄ ይዣለሁ። ዝም ብል ትጠረጥራለህ ብዬ ፈራሁ፤ እማዬ ሳትመልስልህ የዋለችበት ቀን የለምና። በቀኝ እጄ ጻፍኩ። "ልጄ፣ ሁለት አይበቃህም፣ ወፍረሃል። ሦስት አስቀርልሃለሁ።" አንተ ሦስት የሚስቁ ፊቶች ላክህ።

እጄ ለምዶ ነው ብዬ ላመካኝ ፈልጌ ነበር። አይደለም። የምትለውን አውቅ ነበር። ስጽፈው ድምፅዋን ሰማሁት። ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐሙስ ማታ የአክስታችን ልጅ ስልክ የሚሠራበት ድረስ ወጥቶ አጎታችን ሰምተዋል ብሎ ሲደውልልኝ ገጹን አቆምኩት። ላንተ መንገር የአጎታችን ፋንታ ነበር፤ ዓርብ ከእርሻ ሲመለሱ ሊደውሉልህ ነበር፤ መንገድ ላይ ዋሉ፣ ወሬው ቀደማቸው። ቅዳሜ የእናንተው የቤክዋይ ሰዎች በስብሰባችሁ ላይ "እናትህን ነፍስ ይማር" እንዳሉህ ኋላ ሰማሁ። አንተም "ምን? ከትናንት ወዲያ አውርታኛለች" አልካቸው አሉ።

አሰልጣኟ ልቅሶ ደርሳናለች። ስትወጣ ጎን ወስዳኝ ያልወጡት አራቱ ቪዲዮዎች እንዳይቀሩ መከረችኝ። አራት ሺህ ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ጽፏል፣ እንዲህ ያለ ብዙ ተመልካች ዳግም አይገኝም፣ እናታችሁም የሠራችው ለሱቁ ነው አለች። ክፉ አስባ አይደለም፤ ሥራዋ ነው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን አይሆንም" አልኳት። የሐሙሱ ጨርቅ ግን እስከ እሑድ አለቀ። የሟች የመጨረሻዋ ነው ብለው ተሻሙበት። ለአንተ ሦስት ያርድ ቀድጄ አስቀምጫለሁ። አትፈልገውም ይሆናል።

አሁን በጣም የከበደኝን ልጻፍልህ። አሰልጣኟ "አጭር ያደረገ ያተርፋል" ስላለችን ሁልጊዜ እቆርጠዋለሁ። የጨርቁን ስም ተናግራ፣ ቀልዳ ትስቃለች፤ እዚያ ላይ እቆርጣለሁ። ትናንት የኦክቶበር 22ቱን ሳይቆረጥ ከፍቼ አየሁት። በሃያ ስምንቱም ውስጥ አለ። ጣቃውን አስቀምጣ ደረቷን ትይዛለች። ወንበሩን ተደግፋ ትተነፍሳለች። በአንዱ ላይ "አፍሪዬ፣ ትንሽ እንረፍ" ትላለች፣ የእኔ ድምፅ ደግሞ "አንድ ብቻ ቀረን፣ እማዬ" ይላል። ያኔ ገና አሥራ አንድ ነበር የቀረን። በሌላው ላይ ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ እኔ ዞራ "ይህ ልጅ ለገና በእርግጥ ይመጣል ብለሽ ነው?" ትለኛለች። እኔ "ወደዚህ እዪ፣ ፊትሽ አይታይም" እላታለሁ። ሕመሟ ሁሉ የነበረው እኔ በቆረጥኩት ውስጥ ነው። አንተ ልታይ የምትችልበት መንገድ አልነበረም፤ ይህንን እንድታውቅ ነው የምጽፍልህ። ራስህን አትክሰስ። ሁሉንም በትንሿ የስልክ ካርድ ገልብጬ ፖስታው ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ዛሬ አትየው። ስትችል እየው።

ቀብሩ ዲሴምበር 16 ቅዳሜ ነው ተብሎ ተቆርጧል። አጎታችን እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ መልስህን ይጠብቃሉ። "ልጇ ሳይመጣ አፈር አላለብሳትም፣ ካስፈለገ ወር እጨምራለሁ" ብለዋል። ለእኔ መደወል ካስጠላህ ለእሳቸው ደውል። እኔን ሳታናግረኝ መጥተህ፣ ሳታናግረኝ ቀብረሃት ብትመለስም እቀበላለሁ። ብቻ ና።

በእማዬ ስም እንደመለስኩልህ አጎታችን አያውቁም። ከእኔና ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም። አለቃው ሳይሰማ በሟች አፍ መናገር ቅጣቱ በግ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለህ፤ የበኩር ልጅ በሬሳዋ ራስጌ የምትቆምበትን ቦታዬን ሊነሡኝ ይችላሉ። ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። አንተ መጥተህ ከምትነግራቸው፣ ወይም ለእኔ ስትል ዋጥ አድርገኸው ከምትኖር፣ እኔው ልንገራቸው።

ለጃምፉዋ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ መርዶውን የሰማህ ቀን ከወለል ላይ ያነሳችህ እሷ ናት አሉ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ትልቋን ንሂራን ሳምልኝ፤ አያትሽ ስምሽን ጠርታ ሳትመርቅሽ የዋለችበት ቀን የለም በላት። ትንሹን አጁን ሳምልኝ፤ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ትነግረዋለህ። ጎረቤትህን አቶ ባዱን ልቅሶ ስለደረሱህ አመሰግናለሁ በልልኝ። ከዚህ አክስታችን፣ ልጇ፣ የገበያው ሴቶች ሁሉ በርታ ይሉሃል።

አሁን ሁለት ደንበኞች ጨርቅ አንስተው ዋጋ ይጠይቁኛል። ዛሬ አልሸጥም ብያቸዋለሁ፤ በሩን ልዘጋ ነው። ፖስታውን ለዶንኮር ልጅ ለማድረስ መውጣቴ ነው፤ መንገዱ በአጎታችን ደጅ ያልፋል። በዚህ ሰዓት ምሳቸውን ፉፉ በልተው ከማንጎው ሥር ይቀመጣሉ። መጀመሪያ እዚያ እገባለሁ። ይህ ወረቀት እጅህ ከገባ፣ ነግሬያቸው ወጥቻለሁ ማለት ነው።

እህትህ አፍሪዬ
ቤክዋይ፣ ከሱቁ